እውነት በዐዋጅ ትጸናለችን? የአዘዞ ታሪክና የእኛ ኃላፊነት



ከጎንደር ከተማ በስተደቡብ የምትገኘው አዘዞ ዛሬ በብዙ ሰው ዘንድ የምትታወቀው በአውሮፕላን ማረፊያዋና በጦር ሰፈሯ ነው። ይሁን እንጂ ከአራት መቶ ዓመት በፊት፣ ጎንደር ገና የመንግሥት መናገሻ ሳትሆን፣ ዐፄ ሱስንዮስ በዚህች ስፍራ ቤተ መንግሥት፣ የአትክልት ቦታና ገነተ ኢየሱስ የተባለ ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ነበር። ከ2006 ዓመተ ምሕረት በፊት ጀምሮ የስፔን የሥነ ቁፋሮ ተመራማሪዎች በአዘዞ፣ በደንቀዝና በጎርጎራ ባካሄዱት ጥናት የዚያን ዘመን የሕንፃ ፍርስራሽ መርምረዋል። ድንጋዩ ብዙ ይናገራል፤ ይሁን እንጂ ከድንጋዩ በታች አንድ ጥያቄ ተቀብሮ ይገኛል። ይኸውም፦ ሰው እውነት ነው ብሎ ያመነውን ሌላው እንዲቀበለው ሊያስገድደው ይችላልን? አባቶች በሃይማኖት ስም የፈጸሙት በደልስ በልጆች ላይ ምን ዓይነት ኃላፊነት ይጥላል?

ይህ ጥያቄ ለታሪክ ሊቃውንት ብቻ የሚተው አይደለም። በሰሜን ጎንደር ደጋ የምትኖር አንዲት ካቶሊካዊት እናት ጎረቤቷ «እናንተ የሱስንዮስ ወገኖች» ሲላት ምን ትመልስ? የትምህርተ ክርስቶስ መምህሩስ ልጆቹ ስለዚህ ሲጠይቁት ምን ይበል? ስለዚህ ጉዳዩን በእርጋታ እንመልከተው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. ከወዳጅነት ወደ ጦርነት

ነገሩ በጠብ አልተጀመረም። በ1541 አራት መቶ ያህል የፖርቱጋል ወታደሮች በክርስቶፎር ዳ ጋማ መሪነት ኢትዮጵያን ለመርዳት መጡ፤ መሪያቸውም በ1542 ሕይወቱን ሰጠ። በ1543 በወይና ደጋ በተደረገው ውጊያ ኢትዮጵያውያንና ፖርቱጋላውያን ጎን ለጎን ተሰልፈው ከዐፄ ገላውዴዎስ ጋር ድል አደረጉ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የካቶሊክ መልእክተኞች ንጉሡ ከሮም ጋር እንዲተባበሩ በጠየቋቸው ጊዜ፣ ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 የእምነት መግለጫ ጽፈው መልስ ሰጡ። በዚያም ስለ ቅዳሜ፣ ስለ ግዝረትና ስለ እሪያ ሥጋ የኢትዮጵያ ክርስቲያኖች የሚይዙት ልማድ የአይሁድን ሕግ መከተል አለመሆኑን አስረዱ። ልብ እንበል፤ ልዩነት ነበረ፤ መልሱ ግን በብዕር የተሰጠ ነበር።

በ1603 ከኢየሱሳውያን ማኅበር የሆኑት አባ ጴጥሮስ ፓኤዝ ወደ አገራችን ገቡ። የአገሩን ቋንቋ ተምረው፣ ከሊቃውንት ጋር ተከራክረው፣ በትዕግሥታቸውና በጥበባቸው ብዙዎችን የማረኩ ሰው ነበሩ። በ1607 የነገሡት ዐፄ ሱስንዮስና ወንድማቸው ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ወደ ካቶሊክ እምነት ያዘነበሉት በእኒህ ካህን ትምህርት ነው። ንጉሡ በዚህ ውስጥ ምን ያህል በእምነት፣ ምን ያህልስ ከአውሮፓ ሊገኝ በሚችለው የጦር ርዳታ ተስፋ እንደ ተመሩ መመዘን የልብን መርማሪ የእግዚአብሔርን ፍርድ መንጠቅ ይሆናል። ምናልባትም ሁለቱ በአንድ ልብ ውስጥ አብረው ይኖሩ ነበር፤ በብዙዎቻችን ልብ ውስጥም እንዲሁ ነው።

ብዙ ጊዜ ሲነገር የምንሰማው፣ አባ ፓኤዝ ደግ ስለ ነበሩ ነገሩ በሰላም ሄደ፤ ከእሳቸው በኋላ የመጡት ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ ግን በግትርነታቸው ሁሉን አበላሹት የሚል ነው። በዚህ አነጋገር ውስጥ እውነት አለ፤ ነገር ግን ሙሉ አይደለም። አባ ፓኤዝ ገና በሕይወት ሳሉ፣ በ1617፣ የንጉሡ አማች ዮልዮስ ሸፈተ፤ ከእርሱ ጋር የተሰለፉት ጳጳሱ አቡነ ስምዖንም በዚያው ጦርነት ተገደሉ። ቀጥሎም ቅዳሜን ማክበር በንጉሥ ዐዋጅ ተከለከለ፤ በዚህም ምክንያት ሌላ ዐመፅ ተነሣ። እንግዲህ ትምህርቱ በፍቅር ቢሰጥም፣ ከጀርባው የቆመው የንጉሥ ሰይፍ ነበር። ትሑቱ መምህር ከሰይፉ ጥላ ሥር እስካስተማረ ድረስ፣ አድማጩ ያመነው ቃሉን ይሁን ወይስ ሰይፉን ፈርቶ ይሁን ለይቶ ማወቅ አይቻልም። መምህሩ ራሱም ሊያውቀው አይችልም። ግዳጅ የሚጎዳው የተገደደውን ብቻ አይደለም፤ የትምህርቱንም ፍሬ አጠራጣሪ ያደርገዋል።

፪. ከደንቀዝ እስከ ወይና ደጋ

አባ ፓኤዝ በ1622 በጎርጎራ አረፉ። በ1625 ፓትርያርክ ሜንዴዝ ደረሱ፤ በየካቲት 1626 ዐፄ ሱስንዮስ በደንቀዝ በፓትርያርኩ ፊት ተንበርክከው ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዑርባኖስ ስምንተኛ ታዛዥነታቸውን በመሐላ አረጋገጡ። ከዚያ በኋላ የወጡት ትእዛዛት የሕዝቡን ሕይወት ከሥሩ የሚነቀንቁ ነበሩ። ካህናት እንደ ገና ክህነት እንዲቀበሉ፣ ምእመናን እንደ ገና እንዲጠመቁ፣ አብያተ ክርስቲያናት እንደ ገና እንዲባረኩ፣ ጾሙና በዓሉ በሮም አቆጣጠር እንዲሆን ታዘዘ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። የላስታና የበጌምድር ገበሬ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የሚደረገውን ጥልቅ ክርክር ምናልባት አልተከታተለም። «እንደ ገና ተጠመቅ» የሚለውን ግን በሚገባ ተረድቶታል። የእርሱ ጥምቀት ጥምቀት ካልነበረ፣ የሞተችው እናቱስ? በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የተቀበሩት አያቶቹስ? ያቈረቡት ቄስ ቄስ ካልነበሩ፣ ያ ሁሉ ትውልድ በከንቱ አልቅሶ፣ በከንቱ ጾሞ አልፏል ማለት ነውን? አዲሱ ሥርዓት የነካው አንድን አንቀጸ ሃይማኖት ብቻ አልነበረም፤ የሙታኑን ክብር ነበር። ሕዝባችን ደግሞ ስለ ራሱ የሚታገሠውን ያህል ስለ ሙታኑ አይታገሥም።

ስለዚህ ዐመፁ በረታ። ከባላባት ወገን ብዙዎች፣ ከመነኮሳትም ብዙዎች ተቃወሙ። ከእነዚህ መካከል የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በቅድስና የምታከብራት ወለተ ጴጥሮስ አንዷ ናት። የንጉሡ ባለሟል የነበረውን ባሏን ትታ መነኰሰች፤ የንጉሡን ሃይማኖት አልቀበልም በማለቷም ብዙ እንግልት ደረሰባት፤ በጣና ሐይቅ አካባቢም ማኅበር መሥርታ በ1642 ዐረፈች። ገድሏ በ1672 ተጽፏል።

በመጨረሻም በሰኔ 1632 የንጉሡ ሠራዊት በመልክአ ክርስቶስ ከሚመራው የላስታ ሕዝብ ጋር በወይና ደጋ ተገናኘ። ንጉሡ ድል አደረጉ፤ በዘመኑ እንደ ተጻፈው 8,000 ያህል ሰዎች በሜዳው ላይ ወደቁ። የዘመኑ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ የንጉሡ ልጅ ፋሲለደስና መኳንንቱ የሞቱት አረማውያን ሳይሆኑ ክርስቲያኖች፣ የንጉሡም የገዛ ሕዝብ መሆናቸውን አመለከቱ። ዘጠና ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በወይና ደጋ ካቶሊኩና ኦርቶዶክሱ በአንድነት ደማቸውን አፍስሰው ነበር፤ አሁን ግን በወይና ደጋ ወንድም በወንድሙ ላይ ዘመተ።

ዐፄ ሱስንዮስ በዚያው ወር የቀድሞውን ሃይማኖት የሚመልስ ዐዋጅ አስነገሩ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ዐረፉ፤ በአዘዞ በገነተ ኢየሱስም ተቀበሩ።

፫. ንጉሡ ሃይማኖታቸውን ካዱን?

አንድ ጥብቅ አማኝ እንዲህ ሊል ይችላል፦ «ያመኑት እውነት ከሆነ እስከ መጨረሻው ሊጸኑበት ይገባ ነበር። ደም ስለ ፈሰሰ እውነት ውሸት አይሆንም።» ይህ አነጋገር ክብደት ስላለው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። እውነት በብዙኃን ድምፅ እንደማይለወጥ እኛም እናምናለን።

ነገር ግን ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንዱ እምነትን መተው ነው፤ ሌላው በእምነት ስም ማስገደድን መተው ነው። የሰኔው ዐዋጅ ያነሣው ቀንበሩን ነበር። ንጉሡ በልባቸው ምን ይዘው እንደ ሞቱ እግዚአብሔር ያውቃል፤ በሥራቸው ግን ድል ባደረጉ ማግስት፣ ኃይል በእጃቸው ሳለ፣ ኃይላቸውን ትተዋል። ተሸንፎ እጅ መስጠት ለማንም የሚደርስ ነው፤ አሸንፎ ማቆም ግን የጥቂቶች ነው። እኛ በዐፄ ሱስንዮስ ሕይወት ውስጥ ለክርስቶስ መንፈስ ይበልጥ የቀረበውን ቀን እንፈልግ ብንል፣ በደንቀዝ የማሉበትን ቀን ሳይሆን በሙታኑ መካከል ቆመው «ይብቃ» ያሉበትን ቀን ብንመርጥ የምንሳሳት አይመስለኝም።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ስለ ሃይማኖት ነጻነት ባወጣው ሰነድ፣ እውነት በሰው ኅሊና ላይ የምትነግሠው በራሷ ብርሃን እንጂ በውጭ ግዳጅ አለመሆኑን አስተምሯል። ይህ ትምህርት እንግዳ ነገር አይደለም፤ እምነት የነጻ ሰው መልስ ነው ከሚለው ከጥንቱ ትምህርት የሚከተል ነው። ነገር ግን ሰነዱ በቀለም ሳይጻፍ በፊት የወይና ደጋ ሜዳ በደም ጽፎት ነበር።

፬. ሰይፉ ጌታውን ሲለውጥ

ሰይፉ በዚያ ዐዋጅ ወደ አፎቱ ቢመለስ ኖሮ ታሪኩ ባማረ ነበር። ግን እጅ ለወጠ እንጂ አልተመለሰም። ፓትርያርክ ሜንዴዝና ኢየሱሳውያን በ1634 ከአገር ወጡ። ተደብቀው የቀሩት ተገደሉ። በ1638 ሁለት የካፑቺን ማኅበር ካህናት፣ በ1905 ብፅዕናቸው የታወጀላቸው አጋታንጌሎስና ካስያኖስ፣ በስቅላት ሞቱ። ራስ ሥዕለ ክርስቶስም በግዞት መከራ ተቀበሉ። በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተደረገው ጉባኤ የፖርቱጋላውያን ዘሮች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ወይም ከአገር እንዲወጡ፣ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤልም ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ።

ነገሩ በዚህም አላበቃም። ከኢየሱሳውያን ጋር በተደረገው ክርክር የተቀሰቀሰው የክርስቶስ ቅባት ጥያቄ በኦርቶዶክሱ ወገን ውስጥ ቅባት፣ ጸጋና ካራ የሚባሉ ወገኖች እንዲጠነክሩ አደረገ። ከሱስንዮስ በኋላ አዘዞ ለደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ሆነች፤ ዛሬም ቤተ ክርስቲያኗ በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ስም ትጠራለች። የእነዚሁ የደብረ ሊባኖስ ወገን መነኮሳት ግን ከ1716 እስከ 1721 በነገሡት በዐፄ ዳዊት ሣልሳዊ ዘመን፣ የጉባኤውን ውሳኔ አንቀበልም በማለታቸው፣ በጎንደር በንጉሡ ወታደሮች ተገደሉ። ይህ ክርክር በመንግሥት ውሳኔ የተዘጋው በ1878 በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ነው።

እንግዲህ ግዳጅ የማንም ሃይማኖት ንብረት አይደለም። ዛሬ አንተ ያነሣኸውን ነገ ጎረቤትህ ያነሣዋል፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ የጎረቤትህ ወንድም በእርሱ ላይ ያነሣዋል። ይህን የምንለው ግን «እነርሱም አድርገዋል» በማለት የራሳችንን ዕዳ ለማቅለል አይደለም። የሌላው በደል የእኛን በደል አይሰርዝም፤ ሒሳቡ በሁለት መዝገብ የሚጻፍ ነው።

፭. የአየርላንድ ምሳሌ

ይህ የእኛ አገር ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ለመረዳት ወደ አየርላንድ እንመልከት። ዐፄ ሱስንዮስ በነገሡበት በ1607 የሰሜን አየርላንድ ካቶሊካውያን መሳፍንት አገራቸውን ጥለው ተሰደዱ። ከ1609 ጀምሮም መሬታቸው እየተወሰደ ከእንግሊዝና ከስኮትላንድ ለመጡ ፕሮቴስታንት ሰፋሪዎች ተሰጠ። በ1641 ካቶሊካውያኑ ተነሥተው ብዙ ሰፋሪዎችን ገደሉ፤ በ1649 የክሮምዌል ጦር በድሮኼዳ ከተማ ሕዝብ ፈጀ። በ1690 በቦይን ወንዝ ፕሮቴስታንቱ ንጉሥ ድል አደረገ፤ ይህም ድል እስከ ዛሬ በየዓመቱ በሐምሌ ወር በሰልፍ ይታሰባል። ካቶሊካውያን በምክር ቤት የመቀመጥ መብት ያገኙት በ1829 ነው። በሃያኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በሰሜን አየርላንድ ሠላሳ ዓመት ያህል በቆየው ግጭት ወደ 3,500 የሚሆኑ ሰዎች ካለቁ በኋላ፣ በሚያዝያ 1998 በስቅለት ዓርብ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። ሆኖም በቤልፋስት ከተማ ሁለቱን ሰፈሮች የሚለዩት ግንቦች ዛሬም ቆመዋል።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ ያች አንዲት ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን በአንድ ዘመን በአየርላንድ ስትገፋ፣ በደንቀዝ ደግሞ በንጉሥ ኃይል ስትገፋ ኖራለች። እንግዲህ የራሱን ሙታን ብቻ የሚቈጥር ሰው፣ ሁልጊዜ ራሱን ተበዳይ አድርጎ ያገኘዋል። ሁለተኛ፣ በቤልፋስት የተጣሉት ወጣቶች ስለ ቅዱስ ቁርባን ምሥጢር አልነበረም የተጣሉት። የሃይማኖት ስም የመሬት፣ የሥልጣንና የወገን ምልክት ሆኖ ነበር። የሃይማኖት ስም ይህን በሆነ ጊዜ ጸሎቱ ቢረሳም ጠቡ አይረሳም።

፮. ሌላው መንገድ

በአቡነ ያዕቆብ ስም የሚታወቁት ቅዱስ ዮስጢኖስ ዴ ያዕቆቢስ በ1839 ዐድዋ ሲደርሱ የቀድሞው ታሪክ በሕዝቡ ልብ ገና ትኩስ ነበር። እሳቸው ግን ንጉሥ ፍለጋ አልሄዱም። የግእዙን ሥርዓተ አምልኮ አከበሩ፤ በአገሩ ልማድ ኖሩ፤ እንደ እንግዳም ቤት ለባለቤቱ ክብር ሰጡ። በጐጃም የተወለዱት፣ የቅባት ወገን ታላቅ ሊቅ የነበሩት መነኩሴ አባ ገብረ ሚካኤል በብዙ ምርመራ በ1844 ካቶሊክ ሆኑ፤ በ1851 ክህነት ተቀበሉ። በኋላም እምነታቸውን እንዲተዉ ታስረው ተገረፉ፤ በሰንሰለት እንደ ታሰሩ በ1855 ዐረፉ። በ1926 ብፅዕናቸው ታወጀ።

አሁን ወለተ ጴጥሮስንና አባ ገብረ ሚካኤልን ጎን ለጎን እናስባቸው። አንዷ ካቶሊክ አልሆንም በማለቷ ተሰደደች፤ ሌላው ካቶሊክነቴን አልተውም በማለታቸው በሰንሰለት ሞቱ። በትምህርት ይለያያሉ፤ ነገር ግን ሁለቱም ለንጉሥ የሰጡት መልስ አንድ ነው፦ ኅሊናዬ የአንተ ግዛት አይደለም። የአንዱን ጽናት ቅድስና፣ የሌላዋን ጽናት እልከኝነት ብለን የምንጠራ ከሆነ፣ የምናከብረው ኅሊናን ሳይሆን ወገናችንን ነው። ይህን ለልጆቻችን ለመናገር ድፍረት ያስፈልጋል፤ ሳንናገረው ብንቀር ግን ስለ ብፁዕ ገብረ ሚካኤል የምናስተምረው ትምህርት ጎዶሎ ይሆናል።

፯. ምን እናድርግ?

ነቢዩ ሕዝቅኤል በአሥራ ስምንተኛው ምዕራፍ እያንዳንዱ ሰው ስለ ራሱ ኃጢአት እንጂ ስለ አባቱ ኃጢአት እንደማይጠየቅ ያስተምራል። ስለዚህ ዛሬ በጎንደር የምትኖረው ካቶሊካዊት እናት በወይና ደጋ ስለ ሞቱት በደለኛ አይደለችም። ነገር ግን በደልና ዕዳ የተለያዩ ናቸው። የአባቱን ቤት የወረሰ ልጅ፣ አባቱ የተበደረውን «አላውቅም» ሊል አይችልም። እኛ ከቤተ ክርስቲያናችን ቅዱሳኑን፣ ትምህርቱንና ምሥጢራቱን ወርሰናል። ይህን ርስት እየወሰድን ዕዳውን መተው ቅን አይሆንም። ዕዳው የሚከፈለውም በሦስት ነገር ነው።

የመጀመሪያው ታሪኩን ሙሉውን መናገር ነው። ልጆች የአቡነ ስምዖንን ሞትም፣ የብፁዓን አጋታንጌሎስንና ካስያኖስን ሞትም ከአንድ መምህር አፍ ይስሙ። ሁለተኛው የወንድምን ጥምቀትና ሙታን ማክበር ነው። በ1973 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ ስድስተኛና የግብጹ ፓትርያርክ አቡነ ሺኖዳ ሣልሳይ በፈረሙት የጋራ መግለጫ ክርስቶስ ፍጹም አምላክ ፍጹም ሰው መሆኑን በአንድ ቃል መስክረዋል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1993፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ማትያስ በ2016 ወደ ሮም ሄደው ከርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጋር ተገናኝተዋል። አባቶች ከተሳሳሙ በኋላ ልጆች በልቅሶ ቤትና በዕድር «ያ መናፍቅ» እየተባባሉ ቢቀሩ የሚያሳፍር ነው።

ሦስተኛው ነገ ጠዋት የሚነሣውን ጠብ በሩቁ ማወቅ ነው። በሚያዝያ 2014 ዓመተ ምሕረት በዚችው በጎንደር በአንድ ሙስሊም አባት ቀብር ላይ በተነሣ ግጭት ሰዎች ሞቱ፤ ወሬውም ቂሙን ተሸክሞ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ። በዚህ ግጭት ውስጥ ካቶሊክና ኦርቶዶክስ የሚል ክርክር አልነበረም፤ ሆኖም የቂሙ መንገድ የታወቀው መንገድ ነው፤ ሙታን ተደፈሩ፣ ስም ተነካ፣ ከዚያ እጅ ተነሣ። ቁጥራችን ትንሽ ነው፤ ከብዙኃኑ ጋር በኃይል የምንፎካከርበት ነገር የለንም። ነገር ግን የኃይል መንገድ ወዴት እንደሚያደርስ ከራሳችን ታሪክ የምናውቅ ሰዎች ነን። ይህንን ያወቀ ሰው በሰፈሩ ጠብ ሲነሣ ቀድሞ ተነሥቶ በመካከል ቢቆም፣ ከአዘዞ ፍርስራሽ የተማረውን በሥራ አሳየ ማለት ነው።

ውድ ምእመናን፤ እውነት በዐዋጅ አትጸናም፤ በዐዋጅም አትሻርም። የምትጸናው በሚኖሯት ሰዎች ነው። የሰላም አምላክ በገነተ ኢየሱስ አፈር ያረፉትን፣ በወይና ደጋ የወደቁትን፣ በሁለቱም ወገን ስለ ኅሊናቸው የሞቱትን ሁሉ በምሕረቱ ያስባቸው፤ ለእኛም ወንድምን ሳያስገድዱ የመመስከርን ጸጋ ይስጠን። አሜን።